የሁለት ቤት መኪና

ድምፅ የሌለው መኪና አላምንም። መኪና ካልጮኸ፣ ካላጨሰ፣ ትንሽም ቢሆን ካልተንገራገጨ አንድ የደበቀው ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው። ባለፈው ሳምንት ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ከገበያ ስመለስ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወደ ሰፈራችን በሚታጠፈው ጥግ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ኮቴዋ ሳይሰማ መጥታ የቀሚሴን ጫፍ ነክታ ቆመች። ባጃጅ ቢሆን ከሩቅ ይንጫጫል፤ የጭነት መኪና ቢሆን መሬቱ አስቀድሞ ይንቀጠቀጣል። ይቺ ግን እንደ ድመት ነው የመጣችው። ልሳደብ አፌን ስከፍት መስኮቱ ወረደና የገዛ ልጄ የዮናስ ፊት ብቅ አለ። ከጎኑ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማይለየው ጓደኛው ጫላ ተቀምጧል። የሁለቱም ጥርስ አልከደን ብሏል።

«እማዬ፣ ደነገጥሽ እንዴ? የእኛ እኮ ናት!» አለኝ ዮናስ።

«የእኛ ማለት የማን?»

«የእኔና የጫላ። በጋራ ገዛናት። ሳምንት እሱ፣ ሳምንት እኔ እየያዝን እንሠራባታለን። በይ መርቂን።»

«አካም ጅርቱ እማማ» እያለ ጫላ ወረደና በሩን ከፈተልኝ። «እርስዎ ፊት ይቀመጡ።»

ምርቃቴን ዋጥ አድርጌ ገባሁ። ውስጧ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነው። መሪው አጠገብ ቴሌቪዥን የሚያክል ነገር ተገጥሞላት ያብለጨልጫል። ሞተሯ የት እንዳለ ብጠይቅ ሞተር እንኳ እንደ ድሮው አይደለም አሉኝ። ዘይት የላት፣ ካንዴላ የላት፣ ጭስ የላት። ታዲያ ስትበላሽ በምኗ ይታወቃል ብል ተሳሳቁብኝ። የት እንዳለች፣ ማን እንደነዳት፣ ባትሪዋ ምን ያህል እንደቀረ በሁለቱም ስልክ ላይ ይታያል። «አየሽ፣ በዚህ ዘመን መጠራጠር ብሎ ነገር የለም» አለ ዮናስ። ትንሽ እንደሄድን ጫላ ውሃ ሊገዛልኝ ወረደ። በሩ ገና ከመዘጋቱ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ጫላ ግን ትንሽ ይፈጥናል መሰለኝ፤ ትናንት በስልኬ ሳየው ነበር» አለኝ። ቤታችን ደርሰን ዮናስ በሩን ሊከፍት ሲወርድ ደግሞ ጫላ ከኋላ ሆኖ፣ «እማማ፣ ዮኒ ባትሪዋን እስክትሞት አሟጥጦ ነው የሚያስረክበኝ። እርስዎ ቢመክሩልኝ» አለኝ። ለሁለቱም እሺ አልኩ። ይህን ነገር ግን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ ስሙ ዛሬም ከአፌ አልጠፋም። ዋናው መንገድ ላይ ከመኪና ጋሪ ይበዛ ነበር። የፈረሶቹ ቃጭል ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ አቧራው ከጋሪ ጋሪ እየዘለለ የሰው ነጭ ልብስ ይበላል። የወንዶቹ ቤልቦተም ሱሪ መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል፤ የወጣቶቹ አፍሮ ፀጉር መኪና ውስጥ ሲገቡ ከጣሪያው ጋር ይታገላል። ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ሙዚቃ እርስ በርሱ ስለሚደባለቅ አንዱን ዘፈን ከሌላው ሳንለይ ነበር የምናዜመው። ብርቱካን በከረጢት እንጂ በፍሬ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ነዳጅ ማደያ የገባም ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ «ሙላው» ይላል። አሁን የቤንዚን ሰልፍ ሰው ሲያሳድር ሳይ ያንን ዘመን በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ያኔም ቢሆን ግን ሰው ሰውን ማመን ላይ እምብዛም ነበር፤ ይሄ ብቻ አልተለወጠም።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ተሾመ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጎረቤታችን ጌታቸው ደግሞ እዚያው የሸንኮራ ሚዛን ላይ ይሠራል። በግቢያችን መካከል ያለው አጥር የሸምበቆ ስለሆነ እነሱ ቤት ሲያስነጥሱ እኛ ቤት ይማርህ እንላለን። የጌታቸው ሚስት ጽጌ ለእኔ ጎረቤት ብቻ አልነበረችም። ከደሴ ገና በሙሽርነቴ መጥቼ፣ ማንንም በማላውቅበት ከተማ፣ ሙቀቱ አናቴን ሲበሳኝ፣ መጀመሪያ ስሜን የጠራችኝ እሷ ናት። ወባ ጥሎኝ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ የመጀመሪያ ልጄን ከራሷ ልጅ ጋር አንድ ላይ አጥብታልኛለች። አጥሩ ላይ አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ከፍተን ነበር። ወጥ፣ ጨው፣ ልጅ፣ ወሬ፣ ሁሉም በዚያ ነው የሚያልፈው። እህት የለኝም፤ ጽጌ ስላለች ደግሞ እህት አላማረኝም።

አንድ ቀን ሁለቱ ወንዶች ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መኪና በጋራ ገዙ። የጣሊያን ሥሪት ናት፣ ቀለሟ ክሬም፣ ፍሬቻዋ ሲበራ ምላስ የምታወጣ ይመስል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አያት። ሊብሬዋ በጌታቸው ስም ሆነ፤ ይሄ እንዲካካስ ሁለተኛውን ቁልፍ ተሾመ እንዲይዝ ተስማሙ። አንድ ሳምንት እኛ ደጅ ታድራለች፣ አንድ ሳምንት እነሱ ደጅ። ወንጂ ግን አብረው ነው የሚሄዱት። እዚህ ድረስ ምንም ክፋት አልነበረውም። ክፋቱ የመጣው ከእሁዱ ርክክብ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላችንን ሳናወልቅ፣ መኪናዋ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ትዛወራለች። ርቀቱ አጥር ለአጥር ነው። ርክክቡ ግን ምሳ ያቀዘቅዛል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ጎማ በእርግጫ ይመታል፣ ስፖኪዮው ይነቀነቃል። ጌታቸው ቀጭን ሸምበቆ ሰልባትዮው ውስጥ ሰዶ ቤንዚኑ የቱ ጋ እንደደረሰ በጥፍሩ ምልክት ያደርጋል። ተሾመ ደግሞ የእኔን የጥፍር ቀለም ሳያስፈቅደኝ ወስዶ በአራቱም ጎማ ላይ ነጥብ አድርጎበታል፤ ሌላ ጎማ ቢለወጥብኝ አውቀዋለሁ ብሎ። ጌታቸው በምላሹ ባትሪው ላይ በምስማር መስቀል ጫረ። በሥራ ቀን «አንተ» የሚባባሉት ሰዎች በዚያች ሰዓት «አቶ» እና «እርስዎ» ይሆናሉ።

«አቶ ተሾመ፣ ይሄ ጭረት ባለፈው እሁድ ነበረ?»

«አቶ ጌታቸው፣ ይሄ ጭረት ሳምንቱን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ነው የሰነበተው።»

«ፍሪሲዮኑስ? እንዲህ ልል አልነበረም።»

«እግር ሲከብድበት ይላላል።»

እኔና ጽጌ መጀመሪያ አካባቢ አጥሩ ቀዳዳ ላይ ቁጭ ብለን እንስቅባቸው ነበር። እያደር ግን ሳቃችን አነሰ። መኪናዋ መበላሸት ጀመረች። ወንጂ መንገድ ላይ በሸንኮራው መካከል ትቆማለች፤ ሶደሬ ልጆቹን ይዘን ስንሄድ ትቆማለች፤ ጭስ ትተፋለች፤ የቆመችበት ቦታ ሁሉ የዘይት ጠብታ ትጥላለች። በቆመች ቁጥር አንዱ ሌላውን በጎን ያያል። ተሾመ እራት ላይ «ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ያደርጋታል» ይላል። ምን እንደሚያደርጋት ብጠይቀው «እየተከታተልኩ ነው» ይለኛል። የእሱም ሸሚዝ እጅጌ እሁድ እሁድ ማታ ዘይት ዘይት ይሸተኝ ጀመር፤ እኔም በተራዬ የምትደብቀኝ ነገር አለ ብዬ እሱን መከታተል ያዝኩ። ቤታችን ውስጥ እንኳ አንዱ አንዱን ሳያይ ውሃ የሚጠጣ ጠፋ። ጽጌ አንድ ቀን ቀዳዳው ላይ ሆና ሽንኩርት እየላጠች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «እታገኝ፣ እነዚህ ሰዎች በዚች ቆርቆሮ ሰበብ እኔና አንቺን ሊያለያዩን ነው» አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው የሚያስለቅሳት እንዳልል የእኔም እንባ መጣ። መኪናዋ ገደል ትግባ፤ እኔ የፈራሁት ለጽጌ ነው።

መላ ያመጣችውም እሷ ናት። የጌታቸው ወንድም አሰላ ላይ ሊዳር ነበር። «ሁላችንም በአንድ ላይ በመኪናዋ እንሂድ። አንድ ቀን አብረው ከነዷት፣ ቢያንስ ለዚያ ቀን የሚጠራጠሩበት ያጣሉ» አለች። ለሠርጉ ብላ ገበያው መግቢያ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢጫ ቀሚስ አሰፋች፤ ለእኔም ያው ጨርቅ ተርፎ ስለነበር ለአንገቴ ሻሽ ቆረጠልኝ። ወንዶቹ ፊት፣ እኛ ልጆቹን ታቅፈን ከኋላ ሆነን ተነሳን። መልካሳ ድረስ ጥሩ ነበር። ጌታቸው እየነዳ ይዘፍናል፣ ተሾመ መስኮቱን ከፍቶ በጣቱ በሩን እየመታ ይቀበለዋል። ጽጌ ጉልበቴን ቆንጠጥ አድርጋ ሳቀችብኝ። ደራን አልፈን ወደ ኢተያ የሚወጣውን ዳገት እንደጀመርን ዘፈኑ ቆመ።

ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ጌታቸው ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል እንጂ ጎማው እንደማይሰማ ሰው ዝም ይላል። ከኋላችን መንገዱ የማይታይ ሰማያዊ ጭስ ሆነ። አህያ ጭና የምትወጣ አንዲት ሴት ቀድማን ሄደች፤ ዞር ብላም አየችን። «ፍሪሲዮኑን በላኸው» አለ ተሾመ። «እኔ? ያለፈውን ሳምንት የነበረችው ማን ደጅ ነው?» አለ ጌታቸው። እንደምንም አዙረን ቁልቁል ወደ ደራ እያንደረደርናት ተመለስን። ከከተማው መግቢያ አንድ ግራር ሥር ቶሎሳ የሚባል መካኒክ ነበር፤ ሰውነቱ ገዘፍ ያለ፣ ሥራ እየሠራ ብዙ የሚያወራ ሰው። መኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና «ማል ተኤ? ምን ሆነች መሰላችሁ? ከኋላ በኩል ዘይት ታፈሳለች፤ ፍሪሲዮኑ በዘይት ርሶ ነው የሚንሸራተተው» አለ። ሳፋ አቅርቦ ቡሎኑን ፈታው።

ዘይቱ መውረድ ጀመረ። ይወርዳል፣ ይወርዳል። ሳፋው ሞላ። ቶሎሳ ባልዲ አመጣ። ባልዲውም ሊሞላ ሲል ቀና ብሎ፣ «ይሄ ሞተር ነው በርሜል? ከልኩ በላይ ስለሞላችሁት እኮ ነው በየቀዳዳው የሚያወጣው። ማነው ይሄን ሁሉ ዘይት የጨመረው?» አለ።

ተሾመ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ጨምሬያለሁ» አለ፣ ቶሎሳን እያየ፣ ጌታቸውን ሳያይ። «ከእሱ በተረከብኳት ቁጥር ዘይቷን ስለካ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ይሄ ሰው መቼም ለእኔ ሳምንት ብሎ ደህና ዘይት አይገዛም፤ የተቃጠለ ዘይት ሞልቶ ሊሸውደኝ ነው ብዬ፣ እንዲጠነክር ከላይ ንጹሕ ጨመርኩበት።»

የጌታቸው አፍ ተከፍቶ ቀረ። «እኔስ? እኔም እኮ ከአንተ ስረከባት ሞልታ ነው የማገኛት! ጠቁሮ ሳየው የተቃጠለ ነው አልኩ፤ በየእሁዱ ንጹሕ እየገዛሁ የምጨምረው እኔ ነኝ!»

እኔና ጽጌ ተያየን። ከዚያ በሳቅ ፈረስን። ጽጌ ቢጫ ቀሚሷን ረስታ መሬት ቁጭ አለች፤ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረውን ይስቃሉ። ሁለቱ ወንዶች በየፊናቸው፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሳያውቅ፣ ያቺን ምስኪን መኪና ለካ በእንክብካቤ ነው የገደሏት። ቶሎሳ እጁን እየጠረገ «እንግዲህ ይሄ ዘይት ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል? እኔ ልውሰደው» ሲል ግን ሁለቱም በአንድ አፍ «የለም!» አሉ። መኪናዋ ተጠግና እስክታልቅ ግራና ቀኝ ቆመው የቶሎሳን እጅ ይጠብቁ ነበር፤ ቡሎን እንዳይቀይርባቸው፣ ዘይቱን እንዳያሸሽባቸው። ጽጌ በጆሮዬ «አየሽ፣ ታረቁልን» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ከልቤ ነው ያመንኩት።

ሠርጉ ላይ አንደርስም ብለን ወደ ናዝሬት ተመለስን። በዚያው ማታ ተሾመ ጫማውን እያወለቀ፣ «ስንት ዘመን አብሮኝ በልቶ ጠጥቶ፣ መኪና የተቃጠለ ዘይት የሚያጠጣ ሰው አድርጎ ያየኛል?» አለ።

«አንተስ እሱን እንደዚያው አይደል ያየኸው?» አልኩት።

«እኔማ ለመኪናዋ ብዬ ነው።»

በሸምበቆው አጥር በኩል የጌታቸው ድምፅ ቃል በቃል ያንኑ ለጽጌ ሲነግራት ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ርክክቡ በዝምታ ሆነ፤ «አቶ» እና «እርስዎ» እንኳ ቀሩ። መጠራጠራቸውን ችለውት ኖረዋል፤ መጠርጠራቸውን ማወቅ ግን አልቻሉትም። ብዙም ሳይቆይ ጌታቸው መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ዝውውር ጠይቆ አገኘ። ጽጌ ወሬውን በአጥሩ ቀዳዳ ነገረችኝና የዘረጋሁላትን ሳህን ሳትቀበለኝ ዞራ ሄደች።

ዛሬ የዮናስ ሚስትና የጫላ ሚስት ሃዊ እንደ እኔና እንደ ጽጌ ናቸው። አንዷ ስትወልድ አንዷ ታርሳለች፤ ልጆቻቸው የትኛው ቤት እንደሚያድሩ ጠይቀው አያውቁም። ባለፈው እሁድ ባሎቻቸው መኪናዋን ሲረካከቡ በመስኮት አየኋቸው። ጎማ አይረገጥም፣ ኮፈን አይከፈትም። ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ቀና ሲሉ ፈገግ ይባባላሉ። ፈገግታው ነው ያላማረኝ። ምርቃቴን እስካሁን አልሰጠሁም። ሃዊ ግን ማታ መጥታ «እማማ፣ ምነው ዝም አሉ?» ስትለኝ፣ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምን እላታለሁ? ሁሉንም ልንገራት ብል ደግሞ ከዛሬ ጀምራ ባሏን በጥርጣሬ ልታይ ነው።

ያኔ ተሾመና ጌታቸው መኪናዋን ለመከፋፈል ሲቀመጡ ጭራሽ ደግነት ያዛቸው። «አንተ ውሰዳት፣ ቤተሰብ ይዘህ ሩቅ ነው የምትሄደው» ይላል ተሾመ። «የለም፣ አንተ ያዛት፣ እኔ እዚያ የፋብሪካ ሰርቪስ አለኝ» ይላል ጌታቸው። እንዲህ ዓይነት ደግነት ከእነሱ አይቼ ስለማላውቅ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ሁለቱም ሞተሯ ውስጥ ውስጡን አልቋል፣ ሊያሸክመኝ ነው ብለው ጠርጥረዋል። በመጨረሻ ዕጣ ይውጣ ተባለ። እኔና ጽጌ በየልባችን ለእኛ ለነተሾመ እንዲደርስ ተመኝተናል። ምክንያቱም መኪናዋ እኛ ጋ ብትቀር ጌታቸው መቼም አያምነንም፤ ሊብሬዋ በስሙ ስለሆነ ምን እንዳደረግናት ሊያይ በሰበብ በአስባቡ ይመላለሳል፣ ጽጌንም ይዞ ይመጣል። ዕጣውን ያወጣችው ጽጌ ናት። ወረቀቱን ዘርግታ አየችው፣ ከዚያ ለጌታቸው ሰጠችው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

የሄዱ ቀን ጠዋት ፍራሹና ወንበሩ ጣሪያዋ ላይ ታስሮ መኪናዋ ከነጭነቷ ጎብጣ ቆመች። ወንዶቹ ተጨባበጡ፤ ተቃቅፈው አያውቁም፣ ያኔም አልተቃቀፉም። ጽጌ ከውስጥ ሆና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጄን ያዘች። «አታልቅሺ፣ ይቺን መኪና ታውቂያት የለ? ወለንጪቲ እንኳ ሳንደርስ ቆማ ተመልሰን እንመጣለን» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀልዷን ግን እንደ ቀልድ አልያዝኩትም። ዞረው ከዓይኔ እንደተሰወሩ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ካለው ቅዱስ ሥዕል ፊት ቆምኩና፣ ሰው ለመንገደኛ የማይለምነውን ለመንኩ። አምላኬ፣ ሰዎቹን አንዳች ሳይነካቸው መኪናዋን ብቻ አቁማት አልኩ። ጎማዋን አስተንፍስልኝ፣ ውሃዋን አፍላልኝ፣ ፍሪሲዮኗን አንሸራትትልኝ አልኩ። ከዚያ ወጥ ለሁለት ቤት የሚበቃ ሠራሁ። የእነሱን ደጅ ጠረግሁ፤ ሲሄዱ አጥሩ ቀዳዳ ላይ የደገፉትን ቆርቆሮም አንስቼ ወደ ጎን አደረግሁት። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እየወጣሁ መንገዱን አየሁ፤ በዚያ ቀን ያለፉት መኪኖች ሁሉ ሌሎች ነበሩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከመተሐራ በኩል የመጣ የሸንኮራ መኪና ሾፌር፣ የተሾመ ወዳጅ፣ ደጃችን ቆመ። እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

«እነጌታቸውን መንገድ ላይ አየሃቸው?» አልኩት። «የት ነው የቆሙት?»

«ኧረ ምን ቆመው!» አለ እየሳቀ። «እኩለ ቀን ሳይሆን ነው የገቡት። አንድም ጊዜ አልቆመችም፤ አንድም ጠብታ አላፈሰሰችም። ጌታቸው ራሱ ተገርሞ መኪናዋን እየዞረ ሲያያት ነው የተውኩት።»

ተሾመ ከኋላዬ «ተመስገን» አለ። ያቺ መኪና በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን አምሮባት ሄዳ አታውቅም።